የሚዘገይ ገንዘብ፣ የማይዘገይ ችግር

እኛ በዋራበሌ አለን፤ ሙቀቱ እንደሆነ የታወቀ ነው። በአሊ አዴና በሆል ሆል ያላችሁ ወገኖቻችንስ፣ ከነአቧራው እንዴት ይዟችኋል?

ሰሞኑን በሰፈራችን ሰውና ሰው ሲገናኝ ከጤና ጥያቄ በፊት የሚባባለው «ገባ ወይ?» ነው። ምን እንደሚገባ መጥራት አያስፈልግም። ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና አልጋ ለያዙ ሕሙማን ተብሎ የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ ነው፤ በሰፈር አጠራር «ካሽ» የምንለው። አንዱ «ሰኞ ነው አሉ» ይላል። ሌላው «የለም፣ ወሩ ካለቀ በኋላ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ተውት፣ ከእንግዲህ ጭራሽ ቀርቷል» ብሎ የሁላችንንም እንቅልፍ ይዞ ይሄዳል። ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ጥያቄዎችም ከዚሁ የተለዩ አይደሉም። መቼ እንደሚገባ እኛም አንናገርም፤ ቀን መቁረጥ የከፋዩ ሥራ ነው። ለምን እንደሚዘገይ፣ ሲዘገይ ቤት እንዴት እንደሚያዝና ስማችን ከዝርዝሩ እንዳይወድቅ ምን ማድረግ እንዳለብን ግን የምናውቀውን እናካፍላችኋለን። ከታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። መዘግየት ለሁሉም እኩል አይደለም። እጅና እግሩ የሚታዘዝለት ሰው ገንዘብ ቢዘገይበት ወደብ ወርዶ ይሸከማል፣ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ያቦካል፤ ሴቷም ሰው ቤት ልብስ አጥባ ትመለሳለች። ይከፋል እንጂ ቀዳዳ አይጠፋም። በተሽከርካሪ ወንበር ላለ ሰው ግን ያ ቀዳዳ ዝግ ነው። ይባስ ብሎ ወጪው ከሌላው ይበልጣል። ሌላው በሚኒባስ ተጋፍቶ የሚሄድበትን መንገድ እሱ ታክሲ ተኮናትሮ ነው የሚሄደው። የወንበሩን ጎማ የዋራበሌ ኮረት ይበላዋል። የክራንቹ ጫፍ ላስቲክ ያልቃል። ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው ዳይፐር ይፈልጋል፤ ዳይፐር ደግሞ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የሚያነሳውና የሚያስቀምጠው ሰው አለ፤ እናት ትሆናለች፣ ሚስት ትሆናለች፣ አንዳንዴም ትምህርቷን ያቋረጠች የ12 ዓመት ልጅ ናት። ስለዚህ አንድ አካል ጉዳተኛ ባለበት ቤት ከሥራ ውጭ የሚሆኑት ሁለት ሰዎች ናቸው። ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት ሰዎች «ሁለት ሳምንት ብቻ እኮ ነው የዘገየው» ሲሉ ይህን ሒሳብ የሚያስገቡት አይመስለንም።

እንግዲህ ለምን ይዘገያል? እኛ እንዳየነው መዘግየት ሦስት ዓይነት ነው። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ሰው የሚደክመው ለአንዱ የሚሆነውን መላ ለሌላው ሲሞክር ነው።

የመጀመሪያው ገንዘቡ ራሱ ከለጋሾች ሳይመጣ ሲቀር ነው። ዩኤንኤችሲአር በ1950 ሲቋቋም ለ3 ዓመት ብቻ ተብሎ ነበር። (እኛም ስንወጣ «ለሦስት ወር ነው» ብለን አልነበር?) እስከ ዛሬ ከተባበሩት መንግሥታት መደበኛ በጀት የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ የቀረውን በየዓመቱ ከመንግሥታትና ከበጎ አድራጊዎች እየጠየቀ ነው የሚሠራው። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም እንደዚሁ በፈቃድ በሚሰጥ ገንዘብ ይኖራል። የሁለቱም ትልቋ ለጋሽ አሜሪካ ነበረች። ጥር 20 ቀን 2025 አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት ሥልጣን በያዘበት ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ታዘዘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ዩኤስኤይድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ሥራውን አቆመ። ዩኤንኤችሲአር ደግሞ ወደ 3,500 የሚጠጉ የሥራ መደቦችን እንደሚሰርዝ አሳወቀ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የተቀነሰው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዝርዝሩን የሚያጣራው፣ አቤቱታ የሚቀበለው፣ ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛም ተቀንሷል። ስለዚህ ገንዘቡ እያለ እንኳ መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ይህ በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በ2023 ሰኔ ወር በኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ወደ ሌላ እጅ እየገባ ነው ተብሎ በመላ አገሪቱ ሲቆም፣ እዚያ በካምፕ ያሉ ከ800,000 የሚበልጡ ስደተኞችም አብሮ ቆመባቸው። ለስደተኞቹ እንደገና የተጀመረው በጥቅምት ነው። አራት ወር! ሌላው በሠራው ጥፋት የሱዳኑም፣ የሶማሊያውም፣ የደቡብ ሱዳኑም ስደተኛ ባዶ እጁን ተቀመጠ።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንም ቢሆኑ ነገሩ ለእነሱ እንግዳ አይደለም። ሴፍቲኔት የምንለው ፕሮግራም በገጠር የተጀመረው በ2005 ነው። መሥራት የሚችለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይከፈለዋል፤ መሥራት የማይችለው አካል ጉዳተኛና አረጋዊ ደግሞ ሳይሠራ «ቀጥታ ድጋፍ» ያገኛል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ከተጀመረ ጀምሮ ሲነገርበት የኖረው ትልቁ ቅሬታ የክፍያው መዘግየት ነው። ክፍያው ሲዘገይ ሰዉ ፍየሉን ይሸጣል፣ እህሉን ሳይደርስ ተበድሮ ይበላል። በኋላ ገንዘቡ ቢመጣም ፍየሏ አትመለስም። እኛ ደግሞ የምንሸጠው ፍየል የለንም። የምንሸጠው ብርድ ልብስና ድስት ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ከለጋሽ ካልመጣ ምን ይደረጋል? በየማለዳው ቢሮ በር ላይ መሰለፉ አያመጣውም። በር ላይ ያለው ዘበኛም አያውቅም፤ ቢምል እንኳ አትመኑት። ወሬ ሰምታችሁ ለታክሲ ከፍላችሁ የምትሄዱበት ገንዘብ ነው የሚቆጨው። ባለፈው ወር አንድ በወንበር የሚንቀሳቀሱ ጎረቤታችን «ዛሬ እየሰጡ ነው» ተብለው በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ የታክሲውን የከፈሉት ተበድረው ነው። ከእንግዲህ በሰፈራችን እንዲህ እናድርግ ተባብለናል። ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ እግሩ ጤነኛ የሆነ ወጣት በእግሩ ወይም በሚኒባስ ሄዶ ያጣራ፤ ማስታወቂያ ተለጥፎ ከሆነም በስልኩ ፎቶ ያንሳ። ማስታወቂያውን አንብቦ እስኪመለስ አካል ጉዳተኛ ከቤቱ አይነሳ።

ሁለተኛው መዘግየት የከፋው ነው፤ ከመዘግየት ጋር መልኩ ስለሚመሳሰል ሰው ይታለልበታል። ለሌላው ገብቶ ለእናንተ ካልገባ ያ መዘግየት አይደለም፤ ስማችሁ ከዝርዝሩ ወድቋል ማለት ነው። ዝርዝር በየጊዜው ይታደሳል። በማጣራቱ ቀን ያልተገኘ፣ ስልኩ የማይመልስ፣ የመታወቂያው ጊዜ ያለፈበት፣ ስሙ በሁለት ፊደል የተጻፈ ሰው ይወጣል። በእኛ ስም ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ይደርሳል፤ አንዱ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት፣ ሌላው በፈረንሳይኛ ሌላ ዓይነት ይጽፈዋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። እንዲህ ዓይነቱን በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው ወር በወር ላይ ይነጉድበታል። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ተራዬ ይደርሳል» ብለው አራት ወር የተቀመጡ አንዲት እናት እናውቃለን፤ ተራቸውማ ድሮ አልፎ ነበር። ለጎረቤት በገባ በማግስቱ ነው መጠየቅ። ስትጠይቁም «ገንዘቤ የት አለ?» አትበሉ፤ መልሱ «ጠብቅ» ይሆናል። «ስሜ በዚህ ወር ዝርዝር ላይ አለ ወይስ የለም?» በሉ። ይሄኛው በ«አዎ» ወይም በ«የለም» የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘውን ዋናውን ጉዳይ እዚህ ላይ እናንሳው። ከዚህ በፊት በዚህ ዓምድ በስፋት የጻፍንበት አይመስለንም። በስደተኛው ፋይል ላይ «ልዩ ፍላጎት» የሚባል ቦታ አለ። አካል ጉዳታችሁ እዚያ ካልተጻፈ፣ ጎረቤት ሁሉ ቢያውቀውም፣ ለቢሮው የለም። ገንዘብ በተትረፈረፈ ጊዜ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ገንዘብ ሲያንስ ግን ማን ይቅደም የሚባለው በፋይል ነው። በኬንያ በካኩማና በዳዳብ በ2025 የሆነውን ተመልከቱ፤ ለሁሉም የሚበቃ ስለጠፋ ቤተሰቦች በችግራቸው መጠን በደረጃ ተከፋፈሉ፤ የላይኛው ደረጃ የበለጠ ያገኛል፣ ደህና ነው የተባለው ምንም አያገኝም። እዚህም ነገ እንዲህ አይሆንም ብሎ የሚምል ሰው የለም።

ታዲያ እንዴት ነው የሚጻፈው? እግሩ የተቆረጠ ሰው መዝጋቢው በዓይኑ አይቶ ይጽፈዋል። የማይታየው ነው ችግሩ። ለዚህ ተብሎ በዓለም ዙሪያ በሕዝብ ቆጠራና በስደተኛ ምዝገባ እየተለመዱ የመጡ 6 ጥያቄዎች አሉ። በ2001 በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው ያዘጋጃቸው ናቸው። መነጽር ቢያደርጉም ማየት ይቸግርዎታል? የመስሚያ መሣሪያ ቢጠቀሙም መስማት ይቸግርዎታል? መራመድ ወይም ደረጃ መውጣትስ? ማስታወስ ወይም ሐሳብዎን መሰብሰብስ? ራስዎን መንከባከብ፣ መታጠብና መልበስስ? በሚናገሩት ቋንቋ ከሰው መግባባትስ? ለእያንዳንዱ አራት መልስ አለው፦ ምንም አይቸግረኝም፣ ጥቂት ይቸግረኛል፣ በጣም ይቸግረኛል፣ ጭራሽ አልችልም። በቡድኑ ምክር መሠረት አካል ጉዳተኛ ተብሎ የሚቆጠረው ቢያንስ በአንዱ ጥያቄ «በጣም» ወይም «ጭራሽ» ያለው ሰው ነው። «ጥቂት» ያለው አይቆጠርም።

አሁን የእኛን ሰው አስቡት። «እማማ፣ መራመድ ይቸግርዎታል?» ሲባሉ የእኛ እናት ምን ይላሉ? «ተመስገን ነው ልጄ፣ ምን እላለሁ፣ ከነጭራሹ አልጋ የያዘ አለ አይደል።» ሽማግሌው ደግሞ በሰው ፊት አልችልም ማለት ውርደት ይመስላቸውና «እግዜር ይመስገን፣ ትንሽ ጉልበቴን ነው» ይላሉ። ከበር እስከ ሽንት ቤት ሰው ደግፏቸው እንደሚሄዱ አይናገሩም። ልጁ ወይም አስተርጓሚው «ጥቂት ነው የሚላቸው» ብሎ ይተረጉማል፤ መዝጋቢውም እንደተነገረው ይጽፋል። አለቀ። በጨዋነት የተመለሰች አንዲት «ተመስገን» የዓመት ድጋፍ ታስቀራለች። ምስጋናው ለፈጣሪ ይቅረብ፤ ለመዝጋቢው ግን የሆነው ይነገረው። ማጋነን አይደለም የምንለው፤ የሌለውን አለ ማለት በኋላ ሲጣራ ሰው ያስወጣል። በመጥፎ ቀናችሁ ላይ ሰው ሳይደግፋችሁ ምን ማድረግ እንደሚያቅታችሁ በግልጽ ተናገሩ። አስተርጓሚው አሳንሶ ሲተረጉም ከመሰላችሁ «በጣም ነው ያልኩት» ብላችሁ አስቁሙት።

ከዚህ የባሰው ጓዳ ውስጥ የሚቀመጡት ልጆች ነገር ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ አእምሮው ዘገምተኛ የሆነውን፣ መስማት የማይችለውን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ውስጥ ማስገባት ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። «ሰው ምን ይላል»፣ «የእህቶቹ ትዳር ይበላሻል»፣ «እርግማን ነው ይሉናል»። በምዝገባም ቀን ልጁ ቤት ይቀራል፤ ከቀረበም «ዝም ማለት ይወዳል» ይባላል። ጠበሉን ወስዳችሁ ጠምቁት፣ ቁርዓኑንም አስቀሩበት፤ ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን ለምዝገባ አቅርቡት። የሐኪም ወረቀት ካለው ወረቀቱንም ያዙ። ጅቡቲ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2012 ነው። የስምምነቱ 11ኛ አንቀጽ በአደጋና በጦርነት ጊዜ ስላለ አካል ጉዳተኛ፣ 28ኛው ስለ ኑሮና ስለ ማኅበራዊ ድጋፍ ይናገራል። በጥር 2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግና በታኅሣሥ ወር የተከተሉት ድንጋጌዎች ደግሞ ስደተኛ ወደ ትምህርት፣ ወደ ሕክምናና ወደ ሥራ የሚገባበትን መብት ጽፈዋል። በ2018ም አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ኤጀንሲ አቋቁማለች። ሕግ ዳቦ እንደማይሆን እናውቃለን። ግን ልጃችሁ የሚደበቅ ሳይሆን በሕግ ስሙ የሚጠራ ነው።

ሦስተኛው መዘግየት ቀላል ነው፦ ገንዘቡ ወጥቷል፣ ስማችሁም አለ፣ ነገር ግን ካርዱ፣ ስልኩ ወይም አሻራው እምቢ ይላል። ሥራ የበላው ጣት፣ በሥጋ ደዌ የተጎዳ እጅ፣ ያረጀ ቆዳ ለማሽኑ አይነበብም። የዩኤንኤችሲአር መሣሪያ የ10 ጣት አሻራ ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ዓይን ብሌን ምስል ስለሚመዘግብ፣ ጣቱ እምቢ ካለ «በዓይኔ ይታይልኝ» በሉ፤ ተመለሱ ቢባል ዝም ብላችሁ አትውጡ። ሲም ካርዱ በራሳችሁ ስም ይሁን። ዲ-መኒ በ2020 ከመጣ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መቀበልና መላክ የተለመደ ሆኗል፤ የምሥጢር ቁጥሩን ግን ለሱቅ ልጅ አትንገሩ። ማየት ለተሳነው ሰው አንድ የሚታመን የቤተሰብ አባል ብቻ ይወቅለት። በወኪል የምትቀበሉም ካላችሁ ወኪሉ ስንት እንደተቀበለና በስንተኛው ቀን እንደተቀበለ ለባለመብቱ ለራሱ ይንገር። አንዳንድ ቤት ገንዘቡ «ዘገየ» የሚባለው ለአካል ጉዳተኛው ብቻ ነው፤ ወኪሉማ ከተቀበለ ሰንብቷል። የሚያሳፍር ነው፣ ግን አለ።

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። ገንዘቡ እስኪመጣ ቤት በምን ይያዝ?

ከሁሉ የሚቀድመው መድኃኒት ነው፤ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት። ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ሲዘገይ «ያለውን እናብቃቃው» ብሎ ሁለት የነበረውን አንድ ያደርገዋል፣ ወይም አንድ ቀን ሰጥቶ አንድ ቀን ይዘላል። ከምግብ ላይ መቀነስ የለመደ ሰው ከኪኒን ላይ መቀነስ ቀላል ይመስለዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግን በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ ሳያቋርጥ እየደጋገመ የሚጥል ሆኖ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ እንደሆነ ወደ ሆስፒታል ነው መሮጥ፤ ክብሪት ማሽተቱ አያዋጣም። ስለዚህ ኪኒኑ 10 ቀን ሲቀረው ነው ለጤና ጣቢያው መናገር፤ ያለቀ ዕለት አይደለም። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትም እንደዚሁ ነው፤ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ቁስል። መቀመጫውና ጀርባው የማይሰማው ሰው በዚህ ሙቀት በላብ ርሶ ከዋለ ቆዳው ይላጣል፤ ከተላጠ በኋላ ማዳኛው ከዳይፐሩ ይልቅ ይወደዳል። ዳይፐር ያጠረ ጊዜ ንጹሕ ያረጀ ነጠላ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይሠራል። የተኛውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ዱቤ ብዙ አንልም፤ ሁላችሁም ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ባለሱቁ ሲጽፍ እናንተም በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ልጁ ይጻፍለት። «ሰኞ እከፍልሃለሁ» ከማለት «ገንዘቤ ሲገባ መጀመሪያ ላንተ ነው» ማለት ይሻላል፤ ሰኞ መጥቶ ሲያልፍ ነው ባለሱቅ የሚከፋው። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን፤ መታወቂያችሁን ወይም የእርዳታ ካርዳችሁን ለዱቤ መያዣ አትስጡ። በማጣሪያው ቀን ካርዱ በባለሱቅ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ የወደቀው የአንድ ወር ሽንኩርትና ዘይት አይደለም። ስማችሁ ነው።

እቁብ እንዳንገባ የእኛ ገንዘብ ቀን የለውም፤ በተባለው ቀን ካልጣሉ ደግሞ ጸብ ነው። እድርም አለን፤ እድር ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሚደርሰው። በዋራበሌ 6 ቤተሰብ የሆኑ ሰዎች በመካከሉ አንድ ነገር ፈጥረዋል። በቀን አይደለም የሚጥሉት፤ ገንዘቡ የገባለት ሰው በገባለት ዕለት 500 ፍራንክ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ቆርቆሮዋ ከአንዷ ቤት፣ ቁልፏ ከሌላዋ ቤት ነች። የሚወጣው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለመድኃኒትና አካል ጉዳተኛን ሐኪም ቤት ለማድረሻ ታክሲ። ለዘይት፣ ለልደት፣ ለለቅሶ አይነካም። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ቆርቆሮዋም የዱቄት ወተት ጣሳ ናት። ሆኖም ባለፈው የሙቀት ወራት ሁለት ጊዜ ሌሊት ታክሲ ጠርታለች።

በመጨረሻ ስለ አቤቱታ የጠየቃችሁን አለን። በቃል የተነገረ አቤቱታ ከሰሚው ጋር ይሄዳል፤ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። በወረቀት ይሁን። የአሊ አዴ ልጆች ለዓመታት በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለተማሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ወጣት በየብሎኩ አይጠፋም፤ በከተማው ቢሮዎች ግን ፈረንሳይኛው ይፈጥናል። ተርጉመው እንዲጽፉላችሁ አማርኛውን እነሆ፦

«ስሜ እገሌ ነው። የፋይል ቁጥሬ ይህ ነው። የምኖረው በዚህ ቦታ ነው። በቤቴ ይህን የመሰለ አካል ጉዳት ያለበት ሰው አለ። ድጋፍ መጨረሻ የተቀበልነው በዚህ ቀን ነው። ለሌሎች በዚህ ቀን መከፈሉን ሰምተናል፤ ለእኛ አልደረሰም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስማችን በዝርዝሩ ላይ መኖሩንና አካል ጉዳቱ በፋይላችን ላይ መጻፉን እንድትነግሩን ነው። ስልክ ቁጥራችን ይህ ነው።»

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የስደቱን ታሪክ ከመነሻው አትጻፉበት፤ እሱ በሌላ ፋይል አለ። ሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ ወይም ማኅተም አስደርጉበት፤ ማኅተም እምቢ ካሉ የተቀበላችሁን ሰው የሥራ ቦታና ሰዓቱን ራሳችሁ ከጀርባው ጻፉ። ያንን ቅጂ ከመታወቂያችሁ ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ስትሄዱ የምታሳዩት እሱን ነው።